በየት ነው የምወጣው?

በካርቶን የሠራችውን የቤት ሞዴል አባቷ ብርድ ልብስ ላይ አስቀመጠችና ጣሪያውን እንደ ድስት ክዳን ብድግ አደረገችው።

«በል እይልኝ አባዬ። ሦስት ወር ሙሉ እንቅልፍ የነሳኝ ይኸው ነው።»

አባቷ ትራሳቸውን ተደግፈው መነጽራቸውን አስተካከሉ። የንድፍ ሥራው ወደ ቢሮዋ የመጣው፣ ሐኪሙ የአባቷ ሕመም አይድንም ባለ ሳምንት ነበር። እንደሳቸው መዳን የማይሆንላቸው ሰዎች የቀራቸውን ጊዜ እንደ ገዛ ቤታቸው የሚኖሩበት ቤት ንደፉ ተባለ። ሌላ ሰው እንዳይነካብኝ ብላ፣ አለቃዋን ለምና ወሰደችው።

«ኮሪደር የለውም» አሉ።

«ሆስፒታል ሆስፒታል እንዳይለኝ ብዬ ነው። ክፍሉ ሁሉ ወደ አትክልቱ ነው የሚከፈት። አልጋው ጎማ አለው፤ ተገፍቶ ዛፍ ሥር ይወጣል። ወጥ ቤቱን ደግሞ መሃል አደረግኩት፣ የሽንኩርቱ ሽታ ሁሉም ጋ እንዲደርስ።»

«ምግብ ያስጠላውስ ሰው?»

«ይነጫነጫላ፣ እንዳንተ።»

ሳቁ። ሳቁ ሳል ሆነባቸውና፣ እስኪያልፍላቸው በመዳፏ ጀርባቸውን ደገፈች። አጥንታቸው ይቆጠር ነበር።

«የኔ የትኛው ነው?»

በእርሳሷ ጫፍ የምሥራቁን ክፍል ነካች። ከሁሉ በፊት የነደፈችው እሱን ነው። መስኮቱን ዝቅ አድርጋ፣ ከትራስ ቀና ሳይሉ ሣሩ እንዲታያቸው።

«ጥሩ ነው፤ ጧት ፀሐይ ያገኘኛል።» ጣታቸው ክፍሉ ውስጥ ዞር ዞር አለ። «እና በየት ነው የምወጣው?»

«ይኸውልህ፣ ይሄ ሰፊው በር...»

«እሱን አላልኩሽም። ሲያልቅልኝ።»

ጣታቸው ቀስ እያለ ወደ ቤቱ ጀርባ ሄደና፣ ከልብስ ማጠቢያው ኋላ፣ ከቆሻሻ ማጠራቀሚያው አጠገብ ያለች አንዲት ጠባብ በር ላይ ቆመ። ዕድሜያቸውን በር ሲሠሩ የኖሩ አናጢ ናቸው፤ በር አያመልጣቸውም።

«በዚች ነው አይደል? እናትሽንም በእንደዚች ነው ያወጧት።»

ያቺን በር መቼ እንደሳለቻት እንኳ አታስታውስም። ሆስፒታል ሁሉ እንደዚያ ነውና እጇ በልማድ ሳላት። እናቷ ያረፈች ቀን እሷና ወንድሟ በኋላ በር፣ ከአስከሬን መኪናው ጋር ነበሩ። እሷ ወንድሜ ነግሮታል አለች፤ ወንድሟ እህቴ ነግራዋለች አለ። አባታቸው ግን ድና ልትወጣ ነው ብለው፣ ጫማዋን በፌስታል ይዘው ዋናው በር ላይ ቆመው ይጠብቋት ነበር። ሁለት ሰዓት ሙሉ። በመጨረሻ የነገራቸው ዘበኛው ነው።

ከዚያ ወዲህ አንድም ቀን አንስተውት አያውቁም። ዛሬም ድምፃቸው ውስጥ ወቀሳ አልነበረበትም፤ አንጀቷን የበላውም ይኸው ነው።

«አባዬ፣ እኔ እኮ...»

«ተይው የኔ ልጅ። ይልቅ እርሳስሽን አንሺ። ሰው በገባበት ይውጣ፤ በፊት ለፊት፣ በወጥ ቤቱ በኩል፣ ቆመው ይሸኙት። አልጋው በመሃል፣ ግራና ቀኝ ሁለት ሁለት ሰው። ትከሻቸው መቃኑን እንዳይነካ፣ ሁለት ሜትር አድርጊው።»

ጻፈች። የኋላዋን በር በካርቶን ቁራጭ ደፈነቻት።

«መቼ ያልቃል?»

ልትዋሽ ቃጣትና ተወችው። «ዓመት ከመንፈቅ።»

«አይ እንግዲህ ኢንጂነሯ! አልደርስበትማ። ክፍሌን ለሌላ ሰው ስጪልኝ።» አውቶቡስ ላይ ወንበር እንደሚለቅ ሰው ቅልል አድርገው ነው የተናገሩት። እሷ ግን፣ ቤቱ እስኪያልቅ የሚጠብቋት ይመስላት እንደነበረ ገና አሁን ገባት።

«ሜትር ይዘሻል? የዚህን ክፍል በር ለኪልኝ።»

«አባዬ፣ እባክህ።»

«ለኪው።»

ተነስታ ለካች። መዝጊያው ሲከፈት ከአልጋው ጋር ስለሚጋጭ ከግማሽ በላይ አይሄድም፤ ሰው ሁሉ በጎኑ ነው የሚገባ። «ሃምሳ ሳንቲም።»

«መዝጊያው ከወጣ ሰማንያ ይሆናል። እኔው ነኝ የሠራሁት፤ ሰው ሲገባበት እንጂ ሲሸከሙበት አልታየኝም። ያው ፊትና ኋላ ሆነው ያወጡኛል። ካቻቢቴው መሳቢያው ውስጥ አለ። እኔ እያለሁ ላሳይሽ፤ በኋላ ወንድምሽ በመዶሻ ይሰባብረዋል።»

በእንባዋ ውስጥ ሳቅ አመለጣት። ካቻቢቴውን አውጥታ በሩ ሥር ተንበረከከች።

«ከታችኛው ማጠፊያ ጀምሪ። ጫን በይና አዙሪ... እንደሱ። የላዩን መጨረሻ። ትከሻሽን ስጪው፣ እንዳይወድቅብሽ።»

የመጨረሻው ብሎን ሲወጣ የመዝጊያው ክብደት ሁሉ ትከሻዋ ላይ አረፈ። አቅፋ ወደ ሳሎን አወጣችውና ግድግዳ አስደገፈችው። ዞር ስትል አባቷ እሷን አያዩም። በአጠገቧ አሻግረው፣ በሳሎኑ አልፈው፣ በተከፈተው የውጭ በር በኩል ግቢውን ያያሉ። አራት ወር ሙሉ ከአልጋቸው ላይ የሚያዩት የመዝጊያውን ጀርባ ብቻ ነበር።

«ሎሚው አብቧል እንዴ?» አሉ።

እንዳትከልላቸው ወደ ጎን ፈቀቅ አለች።