ሁለት ዙር ያለ አልቦ

«የስምንት መቶ ሜትሩን ሪከርድ እንኳን በመሮጫ ጫማ በነጠላ ጫማም እሰብረዋለሁ» ትል ነበር ሀዊ፣ የበቆጂን ሰው ሁሉ እስክታሰለች ድረስ።

ዓለም «ሪከርድ ይብቃ» ብሎ ከተስማማ ሃያ ዓመት አልፏል። ሯጭ ሁሉ ቁርጭምጭሚቱ ላይ አልቦ ያደርጋል። አልቦው ከድሮው ሪከርድ የፈጠነን እግር ጨምድዶ ይይዛል፤ የተያዘ እግር ደግሞ ዳግመኛ አይታጠፍም። የሀዊ እናት ጫልቱ በልጅነቷ የተያዘባትን እግር እየጎተተች ስለምትገባና ስለምትወጣ የቤታቸው ደፍ በአንድ በኩል ብቻ ተቦርቡሯል።

ሀዊ ግን አርፋ መቀመጥ አልቻለችም። መቻሏን ሳታውቅ እንዴት ትኑር? እሁድ ጠዋት አልቦዋን በሳሙና አሟልጣ አወለቀች። አልቦው የሰውነት ሙቀት ካጣ ስለሚጮህ፣ ግቢ ውስጥ የታሰረችው ውሃ አመላላሽ አህያ እግር ላይ አጠለቀችውና ወደ ሜዳው ከነፈች። ጓደኛዋ ሌንሴ ሰዓት ያዘችላት። ሀዊ ሳንባዋ እስኪቃጠል ሁለት ዙር ሮጠች።

«ስንት ገባሁ?»

«አስራ አንድ ሰከንድ ዘግይተሻል።»

«ሰዓትሽ ተበላሽቷል።»

እየተነጫነጨች ሰፈር ስትደርስ እናቷ መንገድ ላይ ቆማለች። የጎረቤት ውሻ ያባረራት አህያ ገመዷን በጥሳ ሮጣ ኖሮ፣ አንድ እግሯ እንደ እንጨት ደርቆ መንገዱ መሃል ተገትራለች።

«እማዬ፣ ትንሽ እኮ ነው የቀረኝ፤ አንድ ወር ብለማመድ…»

ጫልቱ የአህያዋን እግር አየች፤ የራሷንም አየች።

«ሪከርዱንስ አህያዋ ሰብራልሻለች» አለቻት። «ከዛሬ ጀምሮ ውሃውን በጀርባሽ የምታመላልሺው አንቺ ነሽ።»