የእንቁጣጣሹ ገብስማ

«አንድ ምርጥ ዶሮ ይበቃናል» የሚለው አዋጅ ከወጣ ወዲህ የአገሩ ዶሮ ሁሉ ነጭ፣ ሁሉም የአንዱ ግልባጭ ነው። ሹሞቹ «ተፈጥሮ በሚሊዮን ዓመት ያልጨረሰችውን ምርጫ በአንድ ስብሰባ ጨረስነው!» ብለው አጨብጭበዋል።

እማማ ወርቅያንሱ ግን ለእንቁጣጣሽ ነጭና ጥቁር የተቀላቀለበት ገብስማ ዶሮ ካላረዱ ዓመቱ አይቀናቸውም። ልጃቸው ትርንጎ ቢቸግራት ነጩን አውራ ዶሮ በጥቁር የፀጉር ቀለም አዥጎርጉራ አመጣችላቸው።

በዋዜማው ሬዲዮው ክፉ ወሬ ይዞ መጣ፤ አንድ የሳል በሽታ የአገሩን ዶሮ ጠራርጎ እየፈጀ ነው።

«እንግዲያ ይሄ አይታረድም!» አሉ እማማ ገብስማውን እቅፍ አድርገው። «ዘሩ ሌላ ነው፤ በሽታው አይነካውም። የአገሩ ዶሮ እንደገና ከዚህ ይፈለፈላል!»

ትርንጎ እውነቱን ልትናገር አፏን ስትከፍት፣ ዶሮው ቀደማትና አሳለ።