አሮጌው የመሪ ሳጥን

ዳርሊን፣ አባቷ ሃምሳ ዓመት በነዳት ጉልበተኛ ዶጅ መኪና ላይ መሪን ከጎማ የሚያያይዘውን አዲስ የመሪ ሳጥን ገጥማ ስትጨርስ፣ አሮጌውን በጨርቅ ጠቅልላ የተሠራበትን ዓመት ጻፈችበትና ከመኪናዋ ኋላ አስቀመጠችው። አባትየው ጋራዡ በር ላይ ቆሞ አያት። በዲትሮይት አሮጌ ዕቃ እንዲህ የሚጠቀልል፣ መኪናውን ሊሸጥ ያሰበ ሰው ነው፤ ገዢ አሮጌ መኪናን ከነመጀመሪያው ዕቃው ይፈልጋልና።

"ገዢው ማነው?" አላት።

"የምን ገዢ? ነገ አሮጌው የት ገባ ብለህ እንዳታስጨንቀኝ ነው።"

"መሪው ከበደኝ አልኩሽ?"

ዳርሊን መኪናዋ ውስጥ ገብታ ሞተሩን አስነሳችና ግራ እጇን ኪሷ ከተተች። በቀኝ እጇ ብቻ መሪውን በቀላሉ ከጥግ እስከ ጥግ አዞረችው። ከዚያ ወርዳ በሩን ያዘችለት።

አባትየው ገብቶ ተቀመጠ። ስትሮክ ከመታው ወዲህ አልታዘዝ ያለውን ግራ እጁን በቀኙ አንስቶ ጭኑ ላይ አስቀመጠው፤ መሪውንም በቀኙ ያዘ።

"ያንን ጥቅልልሽን ከኋላዬ አንሺ" አላት፣ "ነድቼ ልወጣ ነው።"