የቀረችው ፒን

በመስመሩ ጫፍ ከተደረደሩት አሥር የቦውሊንግ ፒኖች ዘጠኙ ተንጋግተው ወደቁ። አሥረኛዋ ዳር ላይ ትንሽ ተንቀጠቀጠችና ቆማ ቀረች።

ሚስባህ እሷን ለመጣል ሁለተኛዋን ኳስ አነሳ። ጣቶቹን ቀዳዳዎቹ ውስጥ ሲከት አያቱ እማማ ዘሀራ ዓይናቸውን ጨፈኑ፤ አንድ ቀን ጣቱ እዚያው ይቀራል ብለው ይፈራሉ። ሲገልጡ ኳሷ ፒኗን በስንዝር ስታ አልፋለች።

አጠገባቸው የተቀመጠው ጋሹ ከንፈሩን መጠጠ። ለአዲስ አበባ ክለብ የቦውሊንግ ተጫዋች ሊመርጥ ኮምቦልቻ ድረስ የመጣ አሠልጣኝ ነው።

"እጁ ወርቅ ነው" አለ። "በመጀመሪያዋ ኳስ እንደሱ የሚመታ እኔም ጋ የለም። የተረፈችዋን ግን አይነካም።"

"ድካም ነው፣ ልጄ። ጠዋት እህል ሳይቀምስ ነው የወጣ። ሚኒባሱስ ከደሴ ስንመጣ የሀረጎን ቁልቁለት እንዴት እንደወረደው ብታይ! የሰው ሆድ ይረጋል?"

ጋሹ ፈገግ አለ። "ድካም ቢሆን የመጀመሪያዋንም ይስት ነበር፣ እማማ። አንዷን ፒን መሳት የብዙ ተጫዋች ችግር ነው። ጠምዝዞ መወርወር የለመደ እጅ ቀጥ አድርጎ መላክ ያቅተዋል። አንዳንዱ ይንቃታል፣ አንዳንዱ ይቸኩላል። ወለሉ ላይ የሚቀባው ዘይትም ሲሳሳ ኳሷ መንገድ ትስታለች። የዚህ ልጅ ግን አንዱም አይደለም። ምን እንደሆነ አልገባኝም።"

"ካልገባህስ?"

"ካልገባኝማ ምን ብዬ እወስደዋለሁ? ክለቡ ደሞዝ የሚከፍለው ለሚጨርስ ሰው ነው።"

እማማ ዘሀራ ነጠላቸውን አጣፉ። ቦውሊንጉ ያለበት ይህ የኮምቦልቻ ሆቴል ሚስባህን በሆቴሉ ስም ሲያጫውተው ሁለት ዓመት አልፎታል፤ ማታ ማታ ግን ደሴ ይገባል፣ ቤቱ ያድራል። አዲስ አበባ ሌላ ነገር ነው።

ሚስባህ እንደገና ወረወረ። እንደገና አንዷ ቆማ ቀረች። ሁለተኛዋ ኳስ እንደገና በጎኗ አለፈች። የኳሶቹን ማሽን የሚጠብቀው ጀማሉዲን ከዳር ሆኖ ተጣራ።

"ሚስባህ፣ ይችንስ ለማን ነው የምታስተርፋት? ለሰደቃ ነው?"

ሰው ሳቀ። እማማ ዘሀራ አልሳቁም። ስለ ኳስ የሚያውቁት ነገር የለም፤ ያንን እጅ ግን እናቱ ከሞተች ጀምሮ አጥበው ያሳደጉት ነው። የመጀመሪያዋን ኳስ ሲለቅ እጁ ጨካኝ ነበር። በሁለተኛዋ ጊዜ ግን ወደ መጨረሻው ለዘብ አለ፤ ከዕቃ ግርጌ ሲቀዳ እንዳያሟጥጥ እንደሚሳሳ ሰው።

ይህን አመል ያውቁታል። ሰው ሁሉ ደሴን ጥሎ በወጣበት በዚያ ክፉ የጦርነት ጊዜ፣ ቧንቧ ውሃ ሰፈር ካለው ቤታቸው ሊሸሹ ሲሉ፣ ሚስባህ የበርሜሉን ዱቄት ጠራርጎ ጆንያ ውስጥ ሊገለብጥ ነበር። እጁን ያዙት። "አታሟጥጥ። እፍኝ አስተርፍ፣ በረካው ይሸሻል" አሉት። ሲመለሱ በሩ ተሰብሯል፣ ፍራሹ የለም፣ የእናቱ ፎቶ እንኳ ከግድግዳው ወርዷል። እፍኟ ዱቄት ግን በርሜሉ ግርጌ ነበረች። ገንፎ አድርገው በሏት። ከዚያ ወዲህ ሚስባህ ከዳቦው ጉርሻ፣ ከሻዩ ጉንጭ ሳያስተርፍ ተነስቶ አያውቅም። ማንም አላዘዘውም።

"ያ ረቢ" አሉ በሆዳቸው።

ዝም ቢሉ ማን ያውቅባቸዋል? ጨዋታው ያልቃል፣ አብረው ሚኒባስ ይሳፈራሉ፣ ነገም የቤቱ በር ሲንኳኳ ማን እንደሆነ ያውቃሉ። አዲስ አበባ ትኩሳት ቢይዘው ማን ውሃ ያቀብለዋል? እርጥብ ልብሱ በላዩ ላይ ቢደርቅ ማን ይቆጣዋል? ጋሹን በጎን አዩት። ስልኩን እየጎረጎረ ነው፤ ልቡ ወደ ሌላ ተጫዋች ሄዷል።

ጨዋታው ሊያልቅ ሲል ሚስባህ ዘጠኙን ጣለ። አንዷ ቆመች። ትከሻው ወደቀ። ኳሷን ለማንሳት ዘወር ሲል ፊቱን አዩት፤ ሳይወረውርም እንደሚስታት ያወቀ ሰው ፊት ነበር።

"ሚስባህ" አሉ።

እጁን በፎጣ እየጠረገ መጣ። "ምነው እማ? አመመዎ?"

"አላመመኝም። እጅህን አምጣ።" መዳፉን በሁለት እጃቸው ያዙት። "እሷ እህል አይደለችም፣ ልጄ።"

ሚስባህ ፒኗን አየ፣ ከዚያ እጁን አየ።

"በረካውስ?" አለ ቀስ ብሎ።

"በረካውን እኔ እጠብቀዋለሁ። አንተ ቢስሚላህ በልና ጨርሳት።"

"ብጨርሳት እኮ ይወስዱኛል፣ እማ። ብቻዎን…"

"ሂድ ይልቅ። ሰው አታስጠብቅ።"

እጁን ለቀቁት። እሱ ግን ወዲያው አልሄደም፤ ጎንበስ ብሎ ጉልበታቸውን ሳመና ነው የሄደ።

ኳሷ አልተጠማዘዘችም። ቀጥ ብላ ሄዳ ፒኗን ከነሥሯ ወሰደቻት። ጀማሉዲን ሮጦ ሚስባህ አንገት ላይ ተጠመጠመ፣ ጋሹም ስልኩን ኪሱ ከቶ ብድግ አለ። እማማ ዘሀራ ከሁሉ በኋላ፣ ሌላው ሰው ማጨብጨቡን ሲያቆም፣ አጨበጨቡ።

ከመስመሩ ጫፍ ፒኖቹን የሚሰበስበው ማሽን ክንዱን አወረደና ወለሉን ከዳር እስከ ዳር ጠረገ። የሚጠርገው ነገር አልነበረም።