ከኤፕሪል ሃያ ሰባት በፊት

«እሺ፣ ሌባ ነኝ። የጨረታው ሳጥን ግን በአምስት ሰዓት ይዘጋል» አለ ሞሌፌ፣ ድምፁን ዝቅ ለማድረግ እየሞከረ።

ማኔዎ ሌባ እንዳላለችው ነገረችው። የጠየቀችው ሌላ ነው፤ የስፌት ቤት ድርሻዋን ለእሱ የምታስተላልፍበት ወረቀት እንዴት አስቀድሞ ተተይቦ ከኮቱ ኪስ ሊወጣ ቻለ? የጎደለው ቀኑና ፊርማዋ ብቻ ነው።

በፖሊስ ጣቢያው አግዳሚ ላይ ወረፋ የያዙት ሰዎች መጀመሪያ አይተዋቸው ነበር፤ አሁን ሰልችቷቸው ወደ መስኮቱ ዞረዋል።

የመጡት ለአንድ ገጽ ቅጽ ነው። ለማዘጋጃ ቤት ዕቃ ለማቅረብ የሚወዳደር ድርጅት ከግማሽ በላይ በጥቁር ዜጋ እጅ ከሆነ በውድድሩ ነጥብ ይጨመርለታል። ትልልቆቹ ይህን የሚያረጋግጥላቸው አጣሪ ይቀጥራሉ። ስድስት የስፌት መኪና ላለው ግን ፖሊስ ፊት ምሎ ማኅተም ማስመታት ይበቃል። ስምንት ዓመት ሙሉ የሚምለው ባሏ ነበር። በወረቀቱ ላይ የእሱ ስም፣ በመቀሱ ላይ የእሷ እጅ። አምና ሲሞት ድርሻው ወደ እሷ ዞረ፤ መሐላውም እንዲሁ።

በመስኮቱ የምታስተናግደው ሳጅን ዲኬሌዲ የማኔዎ ልጅ ልትሆን የምትችል ሴት ናት። ሳታነብ ማኅተም አትመታም። ቅጹ ላይ «ጥቁር» የሚለው ቃል ፍቺ ስላለው፣ ጣቷን ከመስመሩ ሥር እያስኬደች አነበበችላት፦ እዚህ አገር የተወለደ፣ ወይም ከኤፕሪል ሃያ ሰባት 1994 በፊት ዜግነት ያገኘ፣ ወይም በዚያን ጊዜ ለማግኘት መብት የነበረው።

«እናቴ፣ እርስዎ ዜግነት ያገኙት መቼ ነው?»

«እኛ ጥቁሮች መጀመሪያ የመረጥን ቀን» አለች ማኔዎ፣ ምንም ሳታመነታ።

የዋሸች አልመሰላትም። በዚያ ኤፕሪል ሃያ ሰባት ልጇን አዝላ ከንጋት ጀምሮ ተሰልፋለች። ውኃ ልትጠጣ ስትሄድ ከኋላዋ የነበረች የማታውቃት ሴት ዘንቢሏን መሬት ላይ አስቀምጣ ቦታዋን ጠብቃላታለች። ወደ ማታ እጇን ከሐምራዊ መብራት ሥር አስገብተው ቀድማ አለመምረጧን አዩና የመምረጫ ወረቀት ሰጧት። ከወንዙ ማዶ፣ ከሌሴቶ መጣሽ ብሎ የመለሳት አልነበረም። ሃያ ምናምን ዓመት ሙሉ፣ የዚህ አገር ሰው የሆንኩት ያን ቀን ነው ስትል ኖራለች።

የዜግነት ምስክር ወረቀቷ ከፕላስቲክ ሽፋኑ ወጣ። 1997 ይላል።

ሳጅኗ ራሷን ነቀነቀች። የምርጫው ቀን ራሱ ቢሆንም እንኳ እንደማይሆን አስረዳቻት፤ «በፊት» ነው የሚለው። መብትስ እንዳይባል፣ ማኔዎ በ1992 ወንዙን የተሻገረችው ውኃው በጎደለበት በኩል፣ ያለ ወረቀት ነው።

ማኔዎ የእጇን ጀርባ ባንኮኒው ላይ ዘርግታ አየችው። «ታዲያ እኔ ምንድን ነኝ ልጄ?»

«ለእኔማ ጥቁር ነዎት፣ እናቴ» አለች ሳጅኗ፣ ፈገግ ብላ። «ለቅጹ ነው እንጂ።»

ሞሌፌ ማንም አያጣራም፣ ማይና እንሂድ ሲላት ሳጅኗ ሰማችው። እኔ እየሰማሁ ባትለው ጥሩ ነበር አለችው። ያኔ ነው ሁለቱ ወደ አግዳሚው የተመለሱት፤ ወረቀቱም ከኮቱ የወጣው። ከመቶ ሃምሳ አንዱ ለሞሌፌ።

ሞሌፌ የሟቹ ታናሽ ወንድም ነው። ታክሲ ይነዳል። ስፌት ቤቱ የመጣው የሱሪውን እግር ሊያሳጥር ብቻ ነው።

«መርፌ ላይ ክር ማስገባት ትችላለህ?» አለችው።

«ወንድሜስ ይችል ነበር?»

«እሱ ባሌ ነበር።»

 ሞሌፌ ነገሩ ወረቀት ላይ ብቻ እንደሆነ፣ የስፌት መኪናዎቹም ቁልፉም ያው በእሷ እጅ እንደሚቆዩ ነገራት። እትዬ፣ እኔ ባዳ ነኝ እንዴ አላት። እንግዲያው ኋላ የምትመልስልኝ መሆኑን ከታች ጨምር አለችው። እስክሪብቶውን አወጣ። ገና መጻፍ ሳይጀምር ሳጅኗ ከመስኮቱ ጠራቻቸው። ሰውን በስም ብቻ ባለቤት አድርጎ መወዳደር እንደሚያሳስር፣ የእሷም ማኅተም በዚያ ላይ እንደማያርፍ በቀስታ ነገረቻቸው።

«ስለዚህ ልጠይቅ፣ እናቴ። በስም ብቻ ነው ወይስ በእውነት የእሱ ነው?»

የማኔዎ ስልክ በቦርሳዋ ውስጥ ጮኸ። ከስፌት ቤቱ ነው። ከስድስቱ ሰፊ ሴቶች አንዷ ጨርቅ ሻጮቹን ብርቱካናማውን ጨርቅ ያዙልን ልበላቸው ወይ ብላ ጽፋለች። ከፋሲካ ወዲህ መኪናዎቹ ሥራ አላዩም። የማዘጋጃ ቤቱ የጽዳት ሠራተኞች ቱታ ጨረታ ካልተገኘ በቀር የሚሰፋ የለም።

ሞሌፌ አያያትም።

«በእውነት የእሱ ነው» አለች።

ከታች ምንም ሳይጨመር ፈረመች። ስልኩ የተሰረቀበት አንድ ሰውዬና ክንዷን በጄሶ ያሰረች ሴት ከአግዳሚው ተነሥተው ምስክር ሆኑ። ሳጅኗ አዲስ ቅጽ አወጣችና ባለቤቱ ወደ ፊት ይቅረብ አለች። ሞሌፌ ኮቱን ቆለፈ። የተጻፈውን አንብበህ ተረድተሃል? መማል የሚከለክልህ ነገር አለ? መሐላው ኅሊናዬን ያስገድደዋል ብለህ ታምናለህ? ለሦስቱም ድምፁን ከፍ አድርጎ መለሰ፤ ቀኝ እጁን አነሣ።

ማኔዎ የቱታውን ናሙና ከዘንቢሏ አውጥታ ባንኮኒው ላይ፣ በክርኑ አጠገብ አኖረችው። ኪሱ ላይ የቀረ ክር ነበር፤ በጥርሷ በጠሰችው። ከዚያም ወጣች።

ማኅተሙ ሁለት ጊዜ ተመታ። ክንዷን በጄሶ ያሰረችው ሴት በአግዳሚው ላይ ተንሸራትታ እነ ማኔዎ የለቀቁትን ቦታ ያዘች፤ ከእሷ ቀጥሎ ያለውም ተጠጋ፤ ከእሱ ቀጥሎ ያለውም።