አራት ሽፋን

ዘርጋው ልሳኑ የሚባለውን የነሐስ ማቅለጫውን የወጪ ተቆጣጣሪ አንቆ ከቢሮው ግድግዳ ጋር አላተመው። ጠዋት የፓምፕ ዕቃ ለመሥራት ነሐስ ሲያፈሱ፣ ነሐሱ የሚፈስበት የሸክላ ቅርፊት ፈንድቶ፣ የቀለጠው ነሐስ የታናሽ ወንድሙን የምህረቱን ሁለት ዓይን አጥፍቶታል።

“ቅርፊቱ እንዲጠነክር የሰሙን ሞዴል ሰባት ጊዜ ጭቃ እናለብሰው ነበር! አራት ይበቃል ብለህ ያዘዝከው አንተ ነህ! ስንት ብር ልታተርፍ ነው ልጁን ያሳወርከው?”

“ስማኝ፣ ዘርጋው...”

በቡጢ አፉን አለው። ጥርሱ ረግፎ ወለሉ ላይ ወደቀ። ሠራተኞቹ ሊገላግሉ ሲሮጡ፣ ዘርጋው ቅርፊት የሚሰብሩበትን መዶሻ አንስቶ “የቀረበኝን እደፋዋለሁ!” አለ። ሁሉም አፈገፈጉ።

ልሳኑ ደም እየተፋ መሳቢያውን ከፈተና አንድ ወረቀት ዘረጋለት።

ዘርጋው መዶሻውን ሳያወርድ አነበበ። ሽፋኑ አራት ቢሆን ከእያንዳንዱ ዕቃ ላይ ምን ያህል ጭቃ፣ ምን ያህል የማድረቂያ ነዳጅ፣ ስንት ቀን እንደሚተርፍ በዝርዝር ተጽፏል። ጸሐፊው ደመወዝ እንዲጨመርለትም ይጠይቃል። የእጅ ጽሑፉን ለየው፤ ልጁን ፊደል ያስቆጠረው እሱ ራሱ ነው። ከምህረቱ ፊርማ ሥር አንድ መስመር ነበር።

“ሐሳቡ የእኔ መሆኑን ወንድሜ እንዳይሰማ፤ ይገድለኛል።”