የግራ እጅ ውል

በሃምሳ ሁለት ዓመቷ ቅዳሜና እሑድ ዩኒቨርሲቲ የምትመላለሰው ወዳ አይደለም። በትምህርት ሥነ ልቦና ሁለተኛ ዲግሪ ካልያዝሽ የማስተማር ፈቃድ የለሽም ስለተባለች ነው። ጉልበቷን ያማታል፤ የክፍል ጓደኞቿ «ማዘር» ይሏታል፤ ያነበበችውም አልያዝላት ብሏል።

ዛሬ የመጨረሻው ፈተና ነው። ገምጋሚው፣ አንድ ጎልማሳ ዶክተር፣ ስታስተምር ሊያያት ትምህርት ቤቷ ድረስ መጥቶ ከተማሪዎቿ ኋላ ተቀምጧል።

እሷና ተማሪዎቿ ብቻ የሚያውቁት፣ ለእንግዳ የማይነገር አንድ ውል አለ። ስትጠይቅ ሁሉም እጁን ያወጣል፤ መልሱን የሚያውቅ ቀኙን፣ የማያውቅ ግራውን። ግራ ያወጣ አይጠራም። ውሉን ያመጣችው ድሮ፣ ኢንስፔክተር ፊት መልሱ ጠፍቶት ሽንቱ ሱሪው ላይ ላመለጠው አንድ ልጅ ብላ ነበር።

ዛሬም በጠየቀች ቁጥር እጁን ያላወጣ አልነበረም። ዶክተሩ ሲጽፍ ቆይቶ ቀና አለ።

«መምህርት፣ አንድ ነገር ልጠይቅዎት። ልጅ በራሱ እንዲተማመን ለማድረግ ምሁራኑ ምን ይላሉ?»

ትናንት አንብባዋለች። አሁን ግን አንድም ቃል አልመጣላትም። አርባ ልጅ አፍ አፏን ያያል። የደከመ እጇ ሳታስበው ወደ ላይ ተነሣ፤ ግራው።

ዶክተሩ እጇን ብዙ አየው። ከዚያ መነጽሩን አውልቆ ዐይኑን ጠረገና የግምገማ ቅጹን ገለበጠ።

«ግድ የለም ቲቸር» አላት፤ «ግራ ያወጣ አይጠራም።»